ኮሎኖስኮፒ ላይ ፖሊፕ እንዳያመልጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሎኖስኮፒ በፊንጢጣ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የማየት ምርመራ ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ራጅ ያየዋል። አንዴ ከተነሱ በቃ፣ የትም ቢሠራ ያው ነው ብሎ ያስባል። ውጤቱ ግን በመርማሪው ዓይን፣ በወሰደው ጊዜና በአንጀቱ ንጽሕና ይወሰናል። ከዚህ በታች ያሉት ወገኖቻችን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዶቹን አጠር፣ አንዳንዶቹን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። ረዘም ያሉት ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው።

ፖሊፕ ምንድን ነው? ሁሉም ካንሰር ይሆናል?

ፖሊፕ በትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አይቆረጥምም። ያለበት ሰው ራሱ አያውቀውም።

ሁሉም ካንሰር አይሆንም። የሚያሰጉት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አዴኖማ ይባላል። ሁለተኛው ሰሬትድ የሚባለው ጠፍጣፋው ዓይነት ነው። አዴኖማ ወደ ካንሰር ለመቀየር ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ረጅም ጊዜ ነው ለእኛ ዕድል የሚሰጠን። ሐኪሙ በኮሎኖስኮፒ ካገኘው እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል፤ ካንሰሩ ሳይጀመር ይቀራል። በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት፣ አዴኖማቸው የወጣላቸው ሰዎች ላይ የአንጀት ካንሰር ከሚጠበቀው ከ76 እስከ 90 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

ግን ሊወጣ የሚችለው የታየ ፖሊፕ ብቻ ነው። የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው።

ኮሎኖስኮፒ ካደረግሁ የሚያመልጥ ነገር የለም ማለት ነው?

አለ። ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት የአንድን ሰው አንጀት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በመመርመር ነው። በ2006 እንዲህ ያሉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ከፖሊፖቹ 22 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዙር ሳይታዩ ቀርተው ነበር። ደግነቱ ትልልቆቹ እምብዛም አያመልጡም። 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆኑት አዴኖማዎች ያመለጡት 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጡት ግን ከሩብ በላይ አምልጠዋል።

የሚያመልጡት የት ነው? አንጀት ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። እጥፋት አለው፣ ይጠመዘዛል። ፖሊፕ ከእጥፋት ኋላ ከተደበቀ ካሜራው አልፎት ይሄዳል። በተለይ አስቸጋሪው የቀኙ ክፍል ነው። ሰሬትድ የሚባሉት በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ጠፍጣፋ ናቸው፣ ቀለማቸው ከአካባቢው ብዙም አይለይም፣ ላያቸው ላይ ንፍጥ ይሸፍናቸዋል። ትንሽ ሰገራ ከተጨመረበት የሠለጠነ ዓይን እንኳ ሊስታቸው ይችላል።

ሐኪም ከሐኪም ይለያያል እንዴ?

በጣም። ሰው ሁሉ ቢያውቀው የምመኘው ይህንን ነው።

የአዴኖማ ማግኛ መጠን የሚባል መለኪያ አለ። ውጭ አገር ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኤዲአር ይሉታል። አንድ ሐኪም 100 ሰው መርምሮ ከነዚህ በስንቱ ላይ ቢያንስ አንድ አዴኖማ አገኘ? ጥያቄው ይኸው ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ካይዘር ፐርማኔንቴ በተባለ የጤና ድርጅት የሚሠሩ 136 ሐኪሞች ያደረጓቸው ከ314 ሺህ በላይ ምርመራዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2014 ታትሟል። ዝቅተኛው ሐኪም 7.4 በመቶ አገኘ። ከፍተኛው 52.5 በመቶ። በአንድ ድርጅት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ይህን ያህል ልዩነት ማለት ነው።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን። የሐኪሙ መጠን በ1 ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር፣ «ንጹሕ ነህ» ከተባለ በኋላ በሚቀጥሉት ዓመታት ካንሰር የመገኘት ዕድሉ በ3 በመቶ ይቀንስ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የታተመው የፖላንድ ጥናትም መጠናቸው ከ20 በመቶ በታች የሆኑ ሐኪሞች ዘንድ የተመረመሩ ሰዎች ላይ ይህ አደጋ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ይህ ቁጥር የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ ይሻሻላል። ፖላንድ ውስጥ በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መጠናቸውን ከፍ ያደረጉ ሐኪሞች ዘንድ በተመረመሩ ሰዎች ላይ ካንሰሩ ቀነሰ። ለሐኪሙ ውጤቱን በየጊዜው ማሳየት፣ ከሚበልጠው ባልደረባው እንዲማር ማድረግ ይሠራል።

ጥሩ የሚባለው መጠን ስንት ነው?

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2024 ባወጡት መመሪያ ቢያንስ 35 በመቶ ነው። ለወንድ ሕመምተኞች 40፣ ለሴት 30። ቀድሞ 25 በመቶ ይበቃ ነበር። በሰገራ ምርመራ ደም ተገኝቶባቸው ለሚመጡ ሰዎች የሚጠበቀው ከዚህም ይበልጣል፤ 50 በመቶ።

ሐኪሙን ቁጥርህ ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው አይቀየመኝም?

እኛ ሐኪም ፊት ዝም ማለት ለምዶብናል። አክብሮት ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ይህን ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሙያውን የሚወድ ሐኪም ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ዶክተር፣ የአዴኖማ ማግኛ መጠንዎ ስንት ነው? ካሜራውን እያወጡ ሲያዩ በአማካይ ስንት ደቂቃ ይወስድብዎታል?»

ፊት ለፊት መጠየቅ ከከበዳችሁ ቀጠሮ ስታስይዙ በስልክ ጠይቁ፤ ወይም ነርሷን ጠይቁ። «እንዲህ ዓይነት ቁጥር አንይዝም» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ምርጫ ካላችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ። እኔ ብሆን ይህንኑ ነው የማደርገው።

ደቂቃው ለምን ያስፈልጋል?

ሐኪሙ መጀመሪያ ካሜራውን እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ድረስ ይገፋዋል። ዋናው ፍተሻ የሚካሄደው እየጎተተ ሲያወጣ ነው። ያኔ ያጥባል፣ ይመጥጣል፣ እያንዳንዱን እጥፋት ገልጦ ያያል። በሮክፎርድ፣ ኢሊኖይ 12 ሐኪሞች ላይ የተሠራውና በ2006 የታተመው ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በማውጣት ላይ 6 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚወስዱት በ28.3 በመቶ ሰዎች ላይ አዴኖማ አገኙ። ከ6 ደቂቃ በታች የሚወስዱት በ11.8 በመቶ ብቻ። ከዚያ ወዲህ 6 ደቂቃ ዝቅተኛው ወሰን ሆኖ ቆየ። በ2024 ወደ 8 ደቂቃ ከፍ ብሏል። ይህ ፖሊፕ ለመቁረጥ የሚወስደውን ጊዜ አይጨምርም።

እኔስ ምን ላድርግ?

አንጀታችሁን በደንብ አጽዱ። በሐኪሙ እጅ ያልሆነ፣ በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ሥራ ይህ ነው። የቆሸሸ አንጀት ውስጥ የትኛውም ሐኪም፣ የትኛውም ማሽን ፖሊፕ አያይም።

ክሊኒኩ የሚያዘው የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ለሁለት ተከፍሎ ይጠጣል። ግማሹ ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት፤ ሌላው ግማሽ በምርመራው ዕለት፣ ከቀጠሮው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ተጀምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ለጠዋት ቀጠሮ ሌሊት መነሳት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ዙር ይዘለዋል፤ ወይም ማታውኑ ሁሉንም ጠጥቶ ይተኛል። አታድርጉት። ሌሊቱን ከላይ የሚወርደው ፈሳሽ የቀኙን አንጀት መልሶ ይሸፍነዋል። እዚያ ደግሞ ለማየት የሚከብዱት ጠፍጣፋዎቹ አሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ የእናት አባታችሁን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። ወረቀቱ ሌሊት 4 ሲል በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት ነው። እማማ ግን ረፋድ 4 ሰዓት ብለው ከተረዱት ያ የቀጠሮው ሰዓት ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ጥግ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ቀጠሮ ስታስይዙ «አማርኛ» በሉ።

ምግብ ላይ፦ ክሊኒኩ በነገራችሁ ቀናት ፍሬና ገለባ ያለበትን ተዉ። ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ ይቅር። የጤፍ እንጀራም ከነገለባው ስለሚፈጭ ለጥቂት ቀን ይቅር። ነጭ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ የተላጠ ድንች ይሻላል። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸውን መጠጦች፣ ቪምቶን ጨምሮ፣ አትጠጡ። አንጀት ውስጥ ደም ሊመስሉ ይችላሉ።

ድርቀት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። የአይረን ክኒን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ ሰገራን ጥቁርና ሙጫ ያደርገዋል። የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር ወይም የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቁሙም፣ አትቀጥሉምም።

መጽዳታችሁን የምታውቁት የሚወጣው ቢጫና ጥርት ያለ ውኃ ሲሆን ነው። አሁንም ቡናማና ድፍርስ ከሆነ ለክሊኒኩ ደውላችሁ ንገሩ። ምን እንደምታደርጉ ይነግሯችኋል።

ጾም ላይ ነኝ። ይከብዳል?

ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጾም ምግባችን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን ነው። ለጤና ጥሩ የሆነው ያ ሁሉ ፋይበር ለዚህ ምርመራ እንቅፋት ነው። ከቻላችሁ ቀጠሮውን ከዐቢይ ጾም ውጭ አድርጉት። ካልሆነ በዘይት የተሠራ ነጭ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ የተላጠ ድንችና ነጭ ዳቦ ጾምም ናቸው፣ ለአንጀትም ይሆናሉ። በረመዳን ደግሞ መድኃኒቱና ውኃው በቀን መጠጣት ሊኖርበት ስለሚችል፣ አስቸኳይ ካልሆነ ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ያዙት። አስቸኳይ ከሆነ ግን ምርመራውን አታዘግዩ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አማክሩ።

ቡና መጠጣት ይቻላል?

ወተት የሌለው ቡና ይቻላል። ክሊኒኩ መጠጥ እስካላቆመባችሁ ሰዓት ድረስ።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራው ምርመራ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ይረዳል። ፕሮግራሙ ካሜራው የሚያሳየውን ምስል አብሮ እየተከታተለ ፖሊፕ የሚመስል ነገር ሲያይ በስክሪኑ ላይ በሳጥን ይከበዋል። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ጂአይ ጂኒየስ የተባለውን የፈቀደው በሚያዝያ 2021 (በፈረንጆች) ነው። ቻይና ውስጥ በተሠራና በ2019 በታተመ ጥናት የማግኛ መጠኑ ከ20.3 ወደ 29.1 በመቶ ከፍ አለ። ጣሊያን ውስጥ በ2020 ደግሞ ከ40.4 ወደ 54.8። ጭማሪው በአብዛኛው ትንንሾቹን በማግኘት የመጣ ነው።

ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያየው ካሜራው ያየውን ብቻ ነው። ሐኪሙ ያልገለጠውን እጥፋት፣ በሰገራ የተሸፈነውን ግድግዳ አያይም። ሌላም አሳሳቢ ነገር በ2025 ከፖላንድ ተሰምቷል። ሐኪሞቹ ፕሮግራሙን ከለመዱ በኋላ ያለ እርሱ በሠሩት ምርመራ መጠናቸው ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ ማሽን አለን የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይተን ክሊኒክ መምረጥ የለብንም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሐኪሙ ቁጥር፣ ከዚያ ማሽኑ።

ሌላስ ምን መላ አለ?

ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ምንም ወጪ የለውም። የቀኙን አንጀት ሁለት ጊዜ መመልከት አንዱ ነው። ሕመምተኛውን በግራ ጎን፣ በጀርባ፣ በቀኝ ጎን እያገላበጡ ማየትም አለ፤ ያኔ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ የሚታየውን ክፍል ይከፍተዋል። ሲያገላብጧችሁ አትደንግጡ፤ ለጥቅማችሁ ነው። ካሜራው ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ እጥፋቱን የሚገልጥ ትንሽ ፕላስቲክ አለ። እንግሊዝ ውስጥ በ1,772 ሰዎች ላይ ተሞክሮ መጠኑን ከ36.2 ወደ 40.9 በመቶ ከፍ አድርጓል። ሰማያዊ ቀለም መርጨት ደግሞ በተለይ አልሰረቲቭ ኮላይተስ (የትልቁ አንጀት ሥር የሰደደ ቁስለት) ለቆየባቸው ሰዎች ይጠቅማል።

«ኮሎኖስኮፒ ያን ያህል አይጠቅምም» የሚል ዜና ሰምቻለሁ።

ያ ዜና የመጣው በ2022 ከታተመው የኖርዌይ፣ የፖላንድና የስዊድን ጥናት ነው። ለምርመራ የተጠሩት ሰዎች ላይ በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የቀነሰው በ18 በመቶ ነበር። ዜናው ያልነገረን ግን ከተጠሩት ውስጥ የመጡት 42 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነው። በተጨማሪ ከመርማሪዎቹ ከሩብ በላይ የሚሆኑት የማግኛ መጠናቸው ከ25 በመቶ በታች ነበር። እኔ ከዚያ ጥናት የምወስደው ምርመራው በደንብ መሠራት እንዳለበት ነው።

ውጤቱን ሲሰጡኝ ምን ልይ?

ካሜራው እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ መድረሱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ፎቶ አብሮ አለ። የንጽሕናው ነጥብም ይጻፋል። የቦስተን በሚባለው መለኪያ ከሦስቱ የአንጀት ክፍሎች እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በሁሉም ቢያንስ 2 መሆን አለበት። ከዚያ የፖሊፑ ብዛት፣ መጠንና ቦታ፤ በመጨረሻም የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በላቦራቶሪ የተመረመረበት ውጤት። «ፖሊፕ ነበረ፣ አወጣነው» ብቻ አይበቃም፤ ዓይነቱን ጠይቁ። ወረቀቱን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ አገር ወይም ሐኪም ስትቀይሩ ያስፈልጋችኋል።

መቼ ነው የምመለሰው?

በአሜሪካ መመሪያ ምንም ካልተገኘ ከ10 ዓመት በኋላ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት አዴኖማዎች ከነበሩ ከ7 እስከ 10 ዓመት። 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ከነበረ 3 ዓመት። አንጀቱ ስላልጸዳ በደንብ ካልታየ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ይደገማል። ይህን ቀጠሮ የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። «ምንም አልተገኘም» መባልና «ምንም ማየት አልተቻለም» መባል ለየቅል ናቸው።

በስንት ዓመቴ ልጀምር?

አሜሪካ ከ45 ዓመት። እስራኤል ውስጥ ከ50 እስከ 74 ዓመት በየዓመቱ የሰገራ ምርመራ በጤና ፈንዶቹ በኩል ይሰጣል፤ ደም ከተገኘ ወደ ኮሎኖስኮፒ ይላካል። እንግሊዝ የሰገራ ምርመራውን ዕቃ በየሁለት ዓመቱ በፖስታ ትልካለች። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት የአንጀት ካንሰር ካለባቸው ብዙ ጊዜ በ40፣ ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ 10 ቀንሶ፣ ቀድሞ በሚመጣው ይጀመራል። ስለዚህ ፖሊፕ ሲገኝባችሁ ለልጆቻችሁና ለእህት ወንድሞቻችሁ ንገሩ። በሽታን መደበቅ በቤተሰባችን የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ወንድማችሁን ይጎዳል።

ኢትዮጵያ ያለ ቤተሰቤስ?

አገር አቀፍ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ፕሮግራም የለም። ካንሰሩ ግን በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ኮሎኖስኮፒ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ማዕከላት ይሠራል፤ በአብዛኛው የሚታዘዘውም ምልክት ላለበት ሰው ነው።

ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ይቅደም። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሆድ ሲቆርጥና ሲያስቀምጥ «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይደጋገማል። ኪንታሮትም አሜባም ሊሆን ይችላል። ታክሞ ካልተሻለው፣ የሰገራ ልማዱ ለሳምንታት ከተቀየረ፣ ከቀነሰ ክብደት ወይም ምክንያቱ ካልታወቀ የደም ማነስ ጋር ከመጣ ግን ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ። በወጣትነቱ ያለ ሰውም ቢሆን።

ከውጭ ገንዘብ ልካችሁ የምታስመረምሩ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። የማጽጃ መድኃኒቱ ለሁለት ተከፍሎ መጠጣቱን በዚያው ሌሊት ደውላችሁ አረጋግጡ። የወጣ ፖሊፕ ካለ ደግሞ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ መሄዱን፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ማን ሄዶ እንደሚያመጣው ከወዲሁ ተነጋገሩ።